ለእቁብ ስንት እንጣል?



ከክፍላችን ሠራተኞች አንዱ ቤትዎ መጥቶ የወር ወጪዎን አብሮ ሲያሰላ፣ መጀመሪያ የሚነሱት የታወቁት ናቸው፤ የቤት ኪራይ ወይም ማሽካንታ፣ አርኖና፣ መብራትና ውሃ፣ ስልክ፣ መድኃኒት። እቁብ ግን ብዙ ጊዜ አይነሳም። ሒሳቡ አልገጥም ሲልና «ቀሪው ገንዘብ የት ሄደ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው በመጨረሻ ቀስ ብሎ የሚወጣው። «እሱማ እቁብ ነው፤ ወጪ አይደለም እኮ፣ ተመልሶ ይመጣል» ይባላል። እውነት ነው፣ ይመጣል። ነገር ግን እስኪመጣ ድረስ ያለውን ወር ማለፍ የግድ ነው። መድኃኒት ቤት ሄዶ «እቁቤ ሲደርሰኝ እከፍላለሁ» ማለት አይቻልም።

ይህ ጽሑፍ እቁብ አትግቡ ለማለት የተጻፈ አይደለም። እንዲያውም እቁብ ለብዙ ቤተሰብ ከባንክ ቁጠባ የተሻለ ሠርቷል ብለን እናምናለን። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየወሩ የሚጥሉትን ገንዘብ መጠን የወሰነው ማን ነው? እርስዎ ነዎት? ወይስ ሌላ ነገር ወስኖልዎት እርስዎ ከኋላ እየተከተሉ ነው?

በነገራችን ላይ በእቁብ የምናፍርበት ምክንያት የለም። ወጣት የባንክ ጸሐፊ ግር ብሎት ቢያይዎት አይደንግጡ፤ ሌላውም ሕዝብ ያውቀዋል። በግብፅ ጀምዒያ፣ በካሜሩን ቶንቲን፣ በደቡብ አፍሪካ ስቶክቬል፣ በሜክሲኮ ታንዳ፣ በኮሪያ ክዬ ይሉታል። ክሊፎርድ ጊርትዝ የተባለው አሜሪካዊ የባህል አጥኚ በጃቫ ደሴት አሪሳን ስለሚባለው እቁብ የጻፈው በ1962 ነው። እዚህ አገርም የኢትዮጵያ ሴቶችን እቁብ ያጠኑ ምሁራን ሥራቸውን በ2009 አሳትመዋል።

ከወንፈል ወደ እቁብ

ከገጠር የመጣችሁ ብዙዎቻችሁ ከእቁብ በፊት የምታውቁት ወንፈልን ነው። ዛሬ የእኔን ማሳ እናርማለን፣ ነገ ያንተን፣ ከነገ ወዲያ የእሱን። እንደ ደቦ ድግስ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ብድር መመለስ ነው። አንድ ቀን የሠራልህን ሰው አንድ ቀን ትሠራለታለህ። ተራው ዞሮ ሁሉም ጋ ይደርሳል።

እቁብ የወንፈል ወንድም ነው ማለት ይቻላል፤ አንድ ልዩነት ግን አላቸው። በወንፈል የሚዋጣው ቀን ነው። ሀብታምም ድሃም ያለው ቀን እኩል ነው። ስለዚህ ማንም ከአቅሙ በላይ ማዋጣት አይችልም ነበር፤ ጉልበቱ ራሱ ልኩን ያውቃል። በእቁብ የሚዋጣው ግን ገንዘብ ነው። በወር ሁለት ደሞዝ ለሚገባበት ቤት 500 ሸቀል አንድ ነገር ነው፤ ከቢቱዋኽ ለኡሚ በሚገኝ ጡረታ ብቻ ለሚኖር ሰው ደግሞ ሌላ ነው። ስሙ እኩል ይባላል እንጂ ሸክሙ እኩል አይደለም። ችግሩ ከዚህ ይጀምራል።

ገንዘቡ የሚገባበት ቀን

የእቁብን መጠን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ገቢው ራሱ ነው፤ ይህ ግልጽ ነው። ከገቢው ብዛት ባልተናነሰ ግን የሚገባበት ቀን ይወስናል። አዲስ አበባ መርካቶ የሚነግድ ሰው በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ እቁብ ይጥላል፤ ምክንያቱም ገንዘብ በየቀኑ እጁ ይገባል። የመንግሥት ሠራተኛው ደሞዝ ጠብቆ በወር አንዴ ይጥላል። ሁለቱን አንድ እቁብ ውስጥ ብትጨምሯቸው አንዱ ይቸገራል።

እዚህም ነገሩ እንዲሁ ነው። ቢቱዋኽ ለኡሚ የአረጋውያን ጡረታን (ድሮ ቂጽባት ዚክና የሚባለውን፣ አሁን ቂጽባት ኤዝራኽ ቫቲክ የሚባለውን) በየወሩ በ28 ቀን ያስገባል። የሠራተኛ ደሞዝ ግን ብዙ ጊዜ ከወሩ መጀመሪያ እስከ 10 ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል። ታዲያ ሠራተኞችና ጡረተኞች አብረው እቁብ ሲገቡ የመጣያው ቀን የሚቆረጠው ለማን እንዲመች ነው? አብዛኛውን ጊዜ ለሠራተኞቹ፤ 10 ወይም 12 ቀን ይሆናል። በዚያን ቀን እነሱ ኪሳቸው ሙሉ ነው። እርስዎ ግን በ28 የገባው ገንዘብ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው፤ ኪራዩ ወጥቷል፣ የሰንበት አስቤዛ ተገዝቷል፣ የልጅ ልጅ መጥቶ ሄዷል።

ከዚያ የሚመጣውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ለእቁቡ ከባንክ ጥሬ ገንዘብ ይወጣል። በማግሥቱ የመብራቱ ወይም የስልኩ ሆራአት ኬቫ ሊቆርጥ ሲመጣ ሒሳቡ ባዶ ነው። ወይ ሚኑስ ይገባል፣ ወይ ክፍያው ይመለሳል። ባንኩ በሚኑሱ ላይ ወለድ ይቆጥራል፤ ለተመለሰው ክፍያም ያስከፍላል። እቁብ ወለድ የለውም እንላለን አይደል? በእቁቡ በኩል የለውም፤ በባንኩ በኩል ግን እየከፈሉ ነው። ይህ ወር በወር ሲደጋገም እቁቡ ሲደርስ ግማሹ ሚኑስ ለመድፈን ይሄዳል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። አንደኛው የመጣያውን ቀን ወደ 29 ወይም ወደ 1 እንዲያመጡት መጠየቅ ነው። ጡረተኛ የበዛበት እቁብ ይህን ቢያደርግ ማንም አይጎዳም፤ ሠራተኛው ከባለፈው ደሞዙ ሊያስቀምጥ ይችላል። እሱ ካልሆነ በ28 ጡረታው እንደገባ የእቁቡን ገንዘብ ለይቶ ፖስታ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ከዚያም በቀሪው ወሩን መምራት ነው። ቀሪው ካልበቃ መጠኑ ከአቅም በላይ መሆኑን በመጀመሪያው ወር ያዩታል፤ ስድስት ወር አይፈጅብዎትም።

«ከሰው አላንስም»

ሁለተኛው ነገር ከጎንዎ የተቀመጠው ሰው ነው። በእኛ አስተያየት ከገቢ ይልቅ የእቁብን መጠን ከፍ የሚያደርገው ይህ ነው።

አዲስ እቁብ ሲጀመር ነገሩ እንዴት እንደሚሆን አስቡት። ቡናው ተፈልቶ፣ ሴቶቹ ተሰብስበው አንዷ «አምስት መቶ ይሁን» ትላለች። ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትናገረው ደሞዝ ያላት ወይም ሠርግ የደረሰባት ናት። ከዚያ «ይሁን፣ ይሁን» እየተባለ ይዞራል። እርስዎ ጋ ሲደርስ በልብዎ 200 ብለዋል። ግን ማን ደፍሮ ይናገራል? ምራትዎ አለች፣ የወንድምዎ ልጅ አለች፣ ከአንድ መንደር የመጣችው ጎረቤት አለች። «እሷ አቅም የላትም» ከመባል ይሻላል ብለው «ይሁን» ይላሉ። ይሉኝታ አምስት መቶ ሸቀል አስጣለዎት ማለት ነው።

ይሉኝታ ክፉ ነገር አይደለም። እቁብን ያቆመው ምሰሶ ራሱ እሱ ነው፤ ፍርድ ቤትና ፖሊስ ሳይኖር ሰው በየወሩ በሰዓቱ የሚጥለው በሰው ፊት ላለማፈር ነው። ግን ይሉኝታ ሥራው ሰውን ቃሉን ማስጠበቅ ነው፤ ቃሉ ስንት ይሁን የሚለውን እሱ ከወሰነ ግን ያስቸግራል።

በኢትዮጵያ ለዚህ የቆየ ዘዴ አለ፤ ግማሽ እጣ። ሁለት ሰዎች አንድ እጣ ተካፍለው ይገባሉ፣ ሲደርስም ተካፍለው ይበላሉ። አቅም ያለው ደግሞ ሁለት እጣ ይይዛል። ነጋዴውም፣ አስተማሪውም፣ ጉልት ሻጯም ሲያደርጉት የኖሩት ነው እንጂ የድሃ ምልክት አይደለም። 500 ከበዛብዎት ከእህትዎ ወይም ከጓደኛዎ ጋር 250፣ 250 መግባት ይችላሉ። የእቁብ ዳኛ የሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር ብታደርጉ ትልቅ ውለታ ነው፤ መጠኑ በሸንጎ ፊት ከመቆረጡ በፊት እያንዳንዱን ሽማግሌና አሮጊት ለብቻ ጠይቁ። በጆሮ የተነገረ 200 ማንንም አያሳፍርም።

ለምን እንደገቡ

እቁብ የሚገባው ሰው ሁሉ ምክንያቱ አንድ አይደለም። ቀን የተቆረጠለት ጉዳይ ያለው ሰው፣ የልጅ ሠርግ፣ የልጅ ልጅ ባር ሚጽቫ፣ ወደ ጎንደር የሚደረግ ጉዞ ወይም የሟች ተዝካር ያለበት ሰው፣ ለተወሰነ ጊዜ ጠበቅ ብሎ ብዙ መጣል ይችላል። መጨረሻውን ስለሚያውቀው ይታገሠዋል። ከዚህ ጉዳይ ውጭ ያለው ሰው ግን ያን ያህል የሚጥልበት ምክንያት የለውም።

ሌላ ምክንያትም አለ፤ ገንዘብን ከጠያቂ መሸሸግ። ቤት ውስጥ የተቀመጠ ገንዘብ አይቆይም። ልጅ ይጠይቃል፣ ዘመድ ከኢትዮጵያ ይደውላል፤ ያለውን የለኝም ማለት ደግሞ ለእኛ ሰው ከባድ ነው። «እቁብ አለብኝ» ሲባል ግን ማንም አይቀየምም። ይህም የእኛ ብቻ አይደለም። በኬንያ ናይሮቢ ኪቤራ በሚባለው የድሆች ሰፈር የተደረገና በ2002 የታተመ ጥናት፣ የራሳቸው ገቢ ያላቸው ባለትዳር ሴቶች እቁብ የሚገቡት ገንዘቡን ከባል እጅ ለማራቅ ጭምር መሆኑን አሳይቷል። በምዕራብ ኬንያ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ በ2007 ታትሟል፤ እሱም ሰዎች እቁብ የሚመርጡት ለብቻቸው መቆጠብ ስለማይችሉ፣ የሚገፋቸው ጓደኛ ስለሚፈልጉ ነው ይላል። እዚህ ያለው ወጥመድ ግን ይታይዎት፤ ገንዘቡን ከሰው ለመሸሸግ ሲሉ ከራስዎም ይሸሽጉታል። ከጥርስ ሕክምናዎ የተሸሸገ ገንዘብ ለማን ይጠቅማል?

እንደገና ደግሞ ለገንዘቡ ሳይሆን ለቡናው የሚገቡ አሉ። ይህን ስንል እየቀለድን አይደለም። ብቻቸውን ለሚኖሩ እናቶች የእቁብ ቀን የወሩ ትልቅ ቀን ነው፤ ሰው ያያሉ፣ ወሬ ይሰማሉ፣ ማን ታመመ ማን ወለደ ይባላል። የልጅ ልጆች በስልክ፣ በቢት፣ ገንዘቡን እየላኩ እናትየዋ ከቤት መቅረት ከጀመረች ወዲህ ይህ እየተረሳ ነው፤ ያሳዝናል። የሚገቡት ለቡናው ከሆነ ግን 100 ሸቀልም ይበቃል። የመቶ ሸቀል እቁብ ቡናው ከአምስት መቶው አይቀጥንም።

ማን ቀድሞ ይበላል

ይህኛው በቁጥር ቢታይ ይሻላል። አሥር እናቶች በወር 500 ሸቀል የሚጥሉበት እቁብ አለ እንበል። በየወሩ 5,000 ሸቀል ይሰበሰባል። በመጀመሪያው ወር የወጣላት 5,000ውን ትወስድና ዘጠኝ ወር እየጣለች ትመልሳለች፤ ለእሷ እቁቡ ወለድ የሌለው ብድር ነው። አሥረኛዋ ደግሞ ዘጠኝ ወር ስትጥል ቆይታ በመጨረሻ ትበላለች። እሷ አበዳሪ ናት። በመሃል የዕቃ ዋጋ ከጨመረ የእሷ 5,000 የሚገዛው ከመጀመሪያዋ ያንሳል።

አሁን ደግሞ አምስቱ ከበሉ በኋላ ከበሉት ውስጥ ሁለቱ መጣል አቆሙ እንበል። አንዷ ከተማ ቀየረች፣ አንዷ ሥራ ወጣች። ከስድስተኛው ወር ጀምሮ የሚሰበሰበው 4,000 ብቻ ነው። ገና ያልበሉት አምስቱ እያንዳንዳቸው 5,000 ጥለው 4,000 ይወስዳሉ። አደጋው ሁሉ የወደቀው በኋለኞቹ ላይ ነው።

ኋላ የሚሆነው ደግሞ ማን ነው? በዕጣ ቢሆን ማንም ሊሆን ይችል ነበር። ነገር ግን እጣው ለሽማግሌ ሲወጣ እንኳ «ልጆቹ ይቅደሙ፣ እኔ ምን እቸኩላለሁ» ማለት የእኛ አረጋውያን ልማድ ነው። ደግነት ነው፤ ግን በአቅሙ ትንሹ የሆነው ሰው ለሁሉም አበዳሪ ሆኖ ይቀራል። ተራ የሚለቁ ከሆነ መጠኑ ትንሽ በሆነበት እቁብ ይልቀቁ። መጠኑ ትልቅ ከሆነ እጣውን ይቀበሉ፣ ወይም ከመሃል በፊት ያለ ተራ ይጠይቁ።

ዋስም አለ። በኢትዮጵያ ትልልቅ እቁቦች ዋስ ሳይፈርም ለማንም ገንዘብ አይሰጡም። እዚህ ዘመድ ከዘመድ ስለሆነ «አንተማመንም ወይ?» እየተባለ ዋስና ወረቀት ቀርቷል። ወረቀት የሚያዘው ለጠብ ብቻ አይደለም፤ ለመርሳትም፣ ለበሽታም፣ ለሞትም ነው። የጣለው ሰው ስም፣ ቀኑ፣ መጠኑ፣ የተረካቢው ፊርማ በአንድ ደብተር ቢጻፍ ይበቃል። ዳኛዋን ካመኑ፣ ደብተሩን ካዩ፣ ዋስ ካለ፣ ያኔ ከፍ ያለ መጠን መጣል ያስኬዳል። ይህ ሁሉ በሌለበት እቁብ የሚጣለው ገንዘብ ጠፍቶ ቢቀር ቤት የማይፈርስበት መጠን መሆን አለበት።

ባንክ፣ ቢቱዋኽ ለኡሚ እና ጥሬ ገንዘብ

በአጭሩ ሦስት ነገሮች እንንገርዎት። ከጡረታዎ ጋር የገቢ ማሟያ (ሃሽላማት ሃኽናሳ) የሚቀበሉ ከሆነ፣ ቢቱዋኽ ለኡሚ ይህን ለመወሰን ሌላ ገቢንና የባንክ ቁጠባን ጭምር ያያል። እቁብ ደርሶዎት ትልቅ ገንዘብ ሒሳብዎ ውስጥ ሲገባ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ደብተር ይኑርዎት፤ ከማስገባትዎ በፊትም ይጠይቁ። የእቁብ ገንዘብ ያዥ የሆኑ እናቶች በተለይ ይጠንቀቁ፤ የአሥር ሰው መዋጮ በየወሩ በእርስዎ ሒሳብ ሲያልፍ ከውጭ ለሚያይ ሰው የእርስዎ ገቢ ይመስላል። እቁቡን በልተው ወደ ኢትዮጵያ የሚጓዙም ከሆነ፣ ከአገር ውጭ ረጅም ጊዜ መቆየት የገቢ ማሟያውን ሊነካ ስለሚችል ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ይጠይቁ።

የጥሬ ገንዘብ ሕጉን ደግሞ ሠርግ ያለበት ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ከኦገስት 2022 ጀምሮ ለንግድ ድርጅት ከ6,000 ሸቀል በላይ የሆነ ክፍያ በሙሉ በጥሬ ገንዘብ መክፈል አይቻልም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በጥሬ የሚከፈለው ከዋጋው አንድ አሥረኛው ወይም 6,000፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። 30,000 ሸቀል ለሚያስከፍል አዳራሽ በጥሬ መስጠት የሚቻለው 3,000 ብቻ ነው ማለት ነው። እቁቡን በፌስታል ይዞ አዳራሽ መሄድ ቀርቷል።

ታዲያ የእርስዎ ልክ ስንት ነው?

እኛ የምንጠቀምበት ዘዴ ይህ ነው። በየወሩ በ27 ቀን ማታ፣ ማለት ጡረታ ከመግባቱ አንድ ቀን በፊት፣ በባንክም በቤትም የቀረዎትን ገንዘብ ይጻፉ። ሦስት ወር ይህን ያድርጉ። ከሦስቱ ትንሹን ይውሰዱ፤ የእቁብዎ መጠን ከዚያ ከግማሹ አይብለጥ። ትንሹ 400 ከሆነ 200 ይጣሉ። ቀሪው ግማሽ ለክፉ ቀን ነው፤ ቦይለር ይበላሻል፣ መነጽር ይሰበራል። ከፋሲካ ወይም ከሮሽ ሃሻና በፊት ያለው ወር ከሦስቱ አንዱ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የቤትዎን እውነተኛ ወጪ የሚያሳየው እሱ ነውና። ሚኑስ ውስጥ ያለ ሰው ከሆኑ ግን መጀመሪያ ሚኑሱን ይዝጉ፤ የእቁቡ ቡና ላይ እንግዳ ሆኖ መምጣት ክልክል አይደለም።

አሁን ገብተውበት ያለው እቁብ ከብዶዎት ከሆነስ? ዝም ብለው አያቁሙ፤ የሌሎችን ገንዘብ ይዘው እንደቀሩ ይቆጠራል። ለዳኛዋ ለብቻዋ ይንገሯት። ገና ካልበሉ እጣዎን ከልጅዎ ወይም ከሌላ ሰው ጋር በግማሽ መካፈል፣ ተራዎን ፈጥኖ ከሚፈልግ ሰው ጋር መለዋወጥ ወይም ቦታዎን ለሚተካዎት ሰው ማስረከብ ይችላሉ። ከበሉ በኋላ ከሆነ ደግሞ መጠኑን ቀንሶ ጊዜውን ለማራዘም ይነጋገሩ፤ ዙሩ ካለቀ በኋላ ሁለት ወር ጨምሮ መክፈል ከመሰወር ይሻላል። ነገሩ በስምምነት ካላለቀ፣ ወይም የጣሉት ገንዘብ ተከልክሎ ከሆነ፣ ደብተሩንና ያለዎትን ወረቀት ሁሉ ይዘው ወደ ክፍላችን ይምጡ። የባንክ ወረቀትዎን ቢይዙ የወሩን ሒሳብ በአማርኛ አብረን እንሠራለን፤ እቁቡንም ከወጪዎቹ ጋር እንጽፈዋለን።